ስለ ብርቅዬ የጨዋታ ካርትሪጆችና ስለ ሐሰተኛ ግልባጮቻቸው

ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ ከተሞች እየተዘዋወረ ላካሄደው የዓለም ሻምፒዮና፣ ተወዳዳሪው በ6 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ ውስጥ ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስን፣ ራድ ሬሰርንና ቴትሪስን በተከታታይ እየተጫወተ ነጥብ የሚሰበስብበት ልዩ ካርትሪጅ አሠርቶ ነበር። ከውድድሩም በኋላ 90 ግራጫ ካርትሪጆች ለመጨረሻው ዙር ለደረሱት ተወዳዳሪዎች፣ ቅርፊታቸው ወርቃማ የሆነ ሌሎች 26 ደግሞ ኩባንያው ያሳትመው በነበረው በኒንቴንዶ ፓወር መጽሔት አማካይነት ለዕድለኞች ስለ ተሰጡ፣ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ወጥቶ የማያውቀው ይህ ዕቃ በሰብሳቢዎች ዘንድ እንደ ክቡር ንዋይ ሊቈጠር፣ አንዱም በብዙ አሥር ሺህ ዶላር ሊሸጥ በቃ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 ደግሞ፣ በሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ ገዝቶ የተጫወተበት ሱፐር ማሪዮ 64፣ ማሸጊያው ስላልተነካ ብቻ፣ ሄሪቴጅ በተባለው የአሜሪካ አጫራች ቤት በ1.56 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ገንዘብ በተከመረበት ስፍራ አስመሳይ አይጠፋምና፣ የካርትሪጅ ገበያም ከዚህ ፈተና አላመለጠም፤ ነገር ግን የዚህ ዕቃ ሐሰት ከሐሰተኛ ወርቅም ሆነ ከሐሰተኛ ሥዕል የሚለይበት የራሱ ጠባይ ስላለው፣ ከሥሩ ጀምሮ ሊመረመር ይገባዋል።

ካርትሪጅ ግዙፍና ረቂቅ ከሆኑ ሁለት ክፍሎች የተዋቀረ ነው። ግዙፉ በእጅ የሚዳሰሰው፣ ማለት የፕላስቲኩ ቅርፊት፣ በውስጡ ያለው የሰርኪዩት ሰሌዳ፣ በሰሌዳው ላይ የተበየዱት ቺፖች፣ ከፊት የተለጠፈውም ባለሥዕል ወረቀት ነው። ረቂቁ ግን ጨዋታው ራሱ፣ ይኸውም በዜሮና በአንድ የተጻፈው የትእዛዝና የሥዕል ተርታ ሲሆን፣ ዓለም ያወቀው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ እንኳ 32 ኪሎባይት ትእዛዝና 8 ኪሎባይት ሥዕል፣ በድምሩ 40 ኪሎባይት ብቻ ነበር። በዘመኑ ለሽያጭ በወጡት ካርትሪጆች ይህ ተርታ የተቀመጠው ማስክ ሮም በሚባል ቺፕ ውስጥ ሲሆን፣ ቺፑ ከተሠራ በኋላ የሚጻፍበት ሳይሆን፣ ገና በፋብሪካ ሲቀረጽ ዜሮውና አንዱ ከሲሊከኑ አካል ጋር አብሮ የሚቀረጽ ስለ ሆነ፣ ባለቤቱ ቢፈልግ እንኳ ሊያጠፋው ወይም ሊለውጠው አይቻለውም። የቅርጹ መሥሪያ ውድ በመሆኑም ዋጋው የሚከፈለው በሺህ የሚቈጠሩ ቺፖች ሲታዘዙ ነው፤ አሥር ወይም ሃያ ግልባጭ ለመሸጥ የተነሣ አስመሳይ ይህን መንገድ ስለማይደፍር፣ ሊጻፍባቸውና ሊጠፉ ወደሚችሉ ሌሎች ቺፖች ፊቱን ያዞራል።

ረቂቁን ክፍል መገልበጥ ግን ለማንም ቀላል ነው። ካርትሪጁን በንባብ መሣሪያ ላይ ሰክቶ ተርታውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወደ ኮምፒዩተር ማዛወር የጥቂት ደቂቃ ሥራ ሲሆን፣ ተርታው ሳይበላሽ መዛወሩም በሒሳብ ይረጋገጣል፤ ይኸውም ተርታው በሙሉ በአንድ የስሌት ሥርዓት ውስጥ ሲያልፍ አጭር መለያ ቁጥር ይወጣዋል፣ ከውስጡም አንዲት ዜሮ ብትለወጥ ቁጥሩ ጨርሶ ሌላ ይሆናል። ሰብሳቢዎች የሚሳሳቱት በዚሁ ላይ ነው፤ መለያ ቁጥሩ ልክ መሆኑ የጨዋታውን ምሉዕነት እንጂ የካርትሪጁን እውነተኛነት አያስረዳም፣ ምክንያቱም በጥንቃቄ የተገለበጠ ሐሰተኛም ያንኑ ቁጥር ይሰጣልና። በጥንታዊ የብራና መጻሕፍት ምርመራም ነገሩ እንዲሁ ነው፤ አንድ ዳዊት ትናንት ተጽፎም ቢሆን መዝሙሩ አይጐድልበትም፣ የዘመኑ ምስክር ግን ቃሉ ሳይሆን ብራናው፣ ቀለሙ፣ የጸሐፊው የእጅ ጣልና ድጕሱ ነው።

ስለዚህ መርማሪው ፊቱን ወደ ግዙፉ ይመልሳል። የመጀመሪያው ምልክት ብሎኑ ነው፤ የኋለኞቹ የኒንቴንዶ ቅርፊቶች የሚታሰሩት በማንኛውም ሱቅ በሚገኝ ካቻቪቴ ሳይሆን 3.8 ሚሊሜትር በሆነ ልዩ መፍቻ በሚፈታ ብሎን ስለ ሆነ፣ በቦታው የመስቀል ምልክት ያለበት ተራ ብሎን ከተገኘ አንድ ሰው ከፍቶታል ማለት ነው። ቅርፊቱ ሲከፈት ዐይን የሚያርፈው በቺፖቹ ጀርባ ላይ ነው፤ በዚያ ከታተሙት ቁጥሮች መካከል አራት አኃዝ ያለው አንዱ ብዙ ጊዜ ቺፑ የተሠራበትን ዓመትና ሳምንት ይናገራልና፣ 9026 ተብሎ የተጻፈበት ቺፕ በ1990 በ26ኛው ሳምንት የተሠራ ሲሆን፣ በ1988 ለሽያጭ ወጣ በተባለ ካርትሪጅ ውስጥ ቢገኝ ጥያቄ ያስነሣል። ወረቀቱንም በአጉሊ መነጽር ማየት ይበጃል፤ በማተሚያ ቤት የታተመ የቀለም ሥዕል እንደ አበባ ቅርጽ በሥርዓት በተደረደሩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች የተሠራ ሲሆን፣ በቤት ማተሚያ የወጣው ግን ያለ ሥርዓት የተረጨ ነጠብጣብ ያሳያል። ከዚህም ጠልቆ ለሚመረምር ብየዳው ራሱ ይመሰክራል፤ በ1980ዎቹ የነበረው ብየዳ ቆርቆሮና እርሳስ ተደባልቀውበት በ183 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የሚቀልጥ ሲሆን፣ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2006 ጀምሮ እርሳስን በኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ላይ ስለ ገደበ፣ በዛሬ ፋብሪካዎች የሚሠራው ሰሌዳ ብዙውን ጊዜ እርሳስ የለበትም።

አስመሳዩም ይህን ሁሉ ስለሚያውቅ አዲስ ቅርፊት ከመሥራት ይልቅ አሮጌውን መዝረፍ ይመርጣል። ማንም የማይፈልገውን ርካሽ የስፖርት ጨዋታ ገዝቶ፣ ማስክ ሮሙን ከሰሌዳው ነቅሎ፣ በቦታው ኢፕሮም የተባለውን ቺፕ በመበየድ፣ ከፊቱም አዲስ ወረቀት በመለጠፍ ብርቁን ካርትሪጅ ይሠራል። በዚህ መንገድ የቁልፉንም ችግር ይሻገራል፤ በአሜሪካ በተሸጠው የመጀመሪያው የኒንቴንዶ መጫወቻና በካርትሪጁ ውስጥ ምሥጢራዊ ምልክት የሚለዋወጡ ሁለት ቺፖች ነበሩና፣ ምልክታቸው ካልተስማማ መጫወቻው በየሰከንዱ እየጠፋ እየበራ ማጫወት ይከለክላል፣ የተዘረፈው ሰሌዳ ግን እውነተኛውን የቁልፍ ቺፕ ይዞ ይገኛል። ስለ ሆነም እያንዳንዱ እንዲህ ያለ ሐሰተኛ፣ ዋጋው ቢያንስም እውነተኛ የነበረውን አንድ ሌላ ካርትሪጅ አጥፍቶ የተወለደ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ረቂቁ ክፍል ራሱ ጠባቂ ሆኖ የተሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ የወጣው ኧርዝባውንድ የተባለው ጨዋታ፣ በካርትሪጁ ውስጥ ያለው የማስቀመጫ መጠን ከሚገባው በላይ መሆኑን ካየ ማስጠንቀቂያ አሳይቶ ይቆማል፤ ይህን ጥበቃ ያለፈ ግልባጭ ቢኖር በየመንገዱ የጠላትን ቁጥር እያበዛ ተጫዋቹን ያሰለቸዋል፤ ተጫዋቹ ታግሦ እስከ መጨረሻው ፍልሚያ ቢደርስ ደግሞ ጨዋታው በዚያው ደርቆ ይቀርና የተቀመጠውን ሁሉ ይደመስሳል። ይህን ጥበቃ ለመስበር ተርታው መለወጥ ስላለበት፣ መለያ ቁጥሩም አብሮ ይለወጣልና፣ ከላይ ያልነው የሒሳብ ምርመራ እዚህ ላይ ይረዳል።

ብርቅ ባይሆንም እጅግ ከሚፈለጉትና አብዝተው ከሚጭበረበሩት አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በጃፓን፣ በሚቀጥለውም ዓመት በአሜሪካ የወጣው ፖክሞን ኤመራልድ ነው። እውነተኛው በአረንጓዴ አሳላፊ ቅርፊት የተሠራ ሲሆን፣ ከታች በኩል ወደ መሰኪያው ቢመለከቱ ከብረት ጥርሶቹ በላይ የኩባንያው ስም በሰሌዳው ላይ ታትሞ ይታያል፤ ወረቀቱንም በብርሃን አዘንብለው ቢያዩት ተጭኖ የወጣ ቀለም የሌለው ቁጥር ይገኝበታል። ጨዋታው ሲከፈት የውስጡ ባትሪ ማለቁን የሚነግር ጽሑፍ ቢመጣ ገዢው ሊደነግጥ አይገባም፣ ባትሪው የሰዓት ቈጣሪውን ብቻ ስለሚያንቀሳቅስ በእድሜ ብዛት ማለቁ የተለመደ ነውና። የተጫዋቹ ድካም የሚቀመጠው ግን ባትሪ በማይሻ ፍላሽ ቺፕ ላይ በመሆኑ፣ እውነተኛው ባትሪው ካለቀም በኋላ የተቀመጠውን ሲጠብቅ፣ በርካታ ሐሰተኞች ግን ማስቀመጫቸው በባትሪ ብርታት የቆመ ስለ ሆነ ባትሪው በሞተ ቀን የወራት ጨዋታ አብሮ ይሞታል።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ኢፕሮም፣ እ.ኤ.አ. በ1971 በኢንቴል ኩባንያ ዶቭ ፍሮማን ያወጣው ቺፕ፣ ትዝታውን የሚይዘው በታሸገ ጥቃቅን ስፍራ ባጠመዳቸው ኤሌክትሮኖች ነው፤ በላዩ ባለው የኳርትዝ መስኮት አልትራቫዮሌት ጨረር ሲገባ ኤሌክትሮኖቹ ያመልጡና ጽሑፉ ይጠፋል፣ ጨረር ባይነካውም በአሥርታት ዓመታት ውስጥ ቀስ እያሉ ሊሾልኩ ይችላሉ። ከዚህም ጋር፣ በ3.3 ቮልት እንዲሠሩ የታሰቡ የዘመኑን ቺፖች ያለ መካከለኛ በ5 ቮልት መጫወቻ ላይ የሚሰኩ ርካሽ ሰሌዳዎች ስላሉ፣ ሐሰቱ መጫወቻውንም ያስጨንቃል። ቢሆንም ኢፕሮም የተገኘበት ሁሉ ሐሰተኛ ነው ብሎ መፍረድ ደግሞ ሌላ ስሕተት ነው፤ ጨዋታ ከመውጣቱ በፊት ሠራተኞች የሞከሩባቸው ናሙናዎች የተጻፉት በዚሁ ቺፕ ላይ ስለ ነበር፣ ከሁሉ ይልቅ ብርቅ የሆኑት እነዚህ ናሙናዎች በአሠራራቸው ለአስመሳይ እጅግ የቀረቡ ናቸው።

ይህ ሁሉ ሲባል ግልባጭ ሁሉ ይወገዝ ማለት አይደለም። የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት፣ በአሜሪካ ከ2010 በፊት ከወጡት ጥንታዊ ጨዋታዎች 87 በመቶው በዚያን ጊዜ በገበያ የሚገኙ አልነበሩምና፣ ረቂቁን ገልብጦ ማቆየት ጥበቃ እንጂ ስርቆት ብቻ አይደለም። ግልባጭነቱን በፊቱ ጽፎ የሚሸጥ ግልባጭ ጨዋታውን ለብዙዎች ያደርሳል፤ ሐሰተኛው የሚበድለው የጨዋታውን ተርታ ሳይሆን፣ ይህ ዕቃ መቼ፣ በማን፣ ስንት ሆኖ ተሠራ የሚለውን የግዙፉን ምስክርነት ነው። ስለዚህ መዝገብ ያዥ የሆነ ሁሉ የጨዋታውን ተርታ ብቻ ሳይሆን የሰሌዳውን ፎቶግራፍና የቺፖቹን ቁጥር አብሮ ሊያኖር ይገባል።

የገበያው ትልቁ ድካም የሚታየውም ከዚሁ የተነሣ ነው። ከፍተኛውን ዋጋ የሚያወጣው ያልተከፈተው ካርትሪጅ በመሆኑ፣ እውነተኛነትን የሚያስረዱት ብሎን፣ ቺፕና ብየዳ ሁሉ ከዐይን ይሰወራሉ፤ ለምርመራ የሚቀረው ካርቶኑና ላስቲኩ ብቻ ስለ ሆነ፣ ገዢው ሚሊዮን የሚከፍለው ለዕቃው ሳይሆን የታሸገውን ዕቃ ሁኔታ መርምሮ ደረጃ የሚሰጠው ድርጅት ለሰጠው ቃል ይሆናል። ሳይንስ የሚመሰክረው በተከፈተ ነገር ላይ ነውና፣ ከታሸገው ውድ ካርትሪጅ ይልቅ ቅርፊቱ ተፈትቶ ሰሌዳው የታየው ርካሹ ለእምነት የተሻለ መሠረት አለው።