ዶሮ የገደለችው ጀግና፦ አስቂኝ ጀብዱ እንዴት ይጀመራል?

ሮል ፕሌይንግ ጌም የሚባለውን የጠረጴዛ ጨዋታ አይቶ ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ከብቦ ይቀመጣል። አንዱ ጨዋታ መሪ ነው፤ ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ በሩ ላይ የቆመውን ዘበኛ የሚናገረው እሱ ነው። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ። «ዘበኛውን በወሬ ልያዘው» ይላል አንዱ፤ «እኔ ደግሞ በጓሮ ልግባ» ትላለች ሌላዋ። ይሳካ አይሳካ የሚያጠራጥር ሲሆን ዳይስ ይወረወራል። ተረት የምትሰማ ልጅ አያቷን አቋርጣ «ጦጣዋ እኔ ልሁን፤ ወንዙን አልሻገርም» ብትልና አያትም «እሺ፣ ታዲያ ምን ታደርጊያለሽ?» ብለው ቢቀጥሉ ማለት ነው።

በዚህ ዓይነት ታትሞ ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ጨዋታ የጋሪ ጋይጋክስና የዴቭ አርነሰን «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ነው፤ በ1974 ወጣ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ቀልድም ብዙ ሳይቆይ ተከተለው። አሜሪካ ውስጥ የፊኒክስ ነዋሪ የሆነው ኬን ሴንት አንድሬ ደንቡ ቢወሳሰብበት፣ በማንም ቤት በሚገኝ ባለስድስት ጎን ዳይስ የሚሠራ «ተነልስ ኤንድ ትሮልስ» የተባለ ጨዋታ በ1975 አወጣ። በዚህ ጨዋታ የጥቃት ድግምቱ ስም «እንካ ቅመስ፣ አንተ እርኩስ!» እንደ ማለት ነው፤ ቁስል የሚፈውሰው ደግሞ «ወይ የኔ ምስኪን»። በዓመቱ ሪክ ሉሚስ ለዚሁ ጨዋታ «ባፈሎ ካስል»ን ጻፈ። ጓደኛ ያላገኘ ሰው ብቻውን ተቀምጦ፣ ከተሰጡት አማራጮች አንዱን እየመረጠ፣ ወደተመራበት አንቀጽ እየዘለለ የሚጫወተው ጀብዱ ነው። አስተማሪ ሳይኖር ጨዋታውን ለመልመድ ይህን የመሰለ መንገድ አልነበረም።

ማስጀመሪያ ጀብዱ የሚባለውም ሥራው ይኸው ነው፤ ደንቡን ያላነበበ ሰው በአንድ ምሽት እየተጫወተ እንዲማረው ማድረግ። ስለዚህ አጭር ነው፤ ገጸ ባሕርያቱም አብዛኛውን ጊዜ ተዘጋጅተው ይሰጣሉ። የ2014ቱን የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ማስጀመሪያ ሣጥን ብንወስድ፣ ተጫዋቾቹ ጋሪ እየነዱ ሲሄዱ ሁለት የሞቱ ፈረሶች መንገዱን ዘግተው ያገኛሉ፤ ጫካው ውስጥ ጎብሊን የሚባሉ ክፉ ፍጡራን አድፍጠዋል። ምን ይደረግ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ሰይፍ ይመዘዛል። ያ ግጥሚያ እስኪያልቅ አዲሱ ተጫዋች ማጥቃትን፣ መደበቅንና አካባቢን መቃኘትን ለምዷል።

በአስቂኝ ጀብዱ ግን ነገሩ ይከብዳል። ጎብሊን ወረቀት ላይ ሊጻፍ ይችላል፤ ሳቅ ግን አይጻፍም። ብዙ ደራሲ እዚህ ላይ ይሳሳታል፦ ጨዋታ መሪው ጮክ ብሎ እንዲያነበው ገጽ ሙሉ ቀልድ ይጽፍለታል። ቤት ውስጥ ብቻውን ሲያነበው ያስቃል። ጠረጴዛው ላይ ግን አምስት ሰው በትሕትና ፈገግ ብሎ ተራውን ይጠብቃል፤ ተጫዋች መሆኑ ቀርቶ ታዳሚ ሆኗል። እኔ እንደማየው ጥሩው ማስጀመሪያ ለተጫዋቹ ቀልድ አይሰጠውም፤ የምር የሆነ ጉዳይ፣ ጅል የሆነ ሕግ፣ የሚያስቁ መሆናቸውን የማያውቁ ሰዎች ይሰጠዋል። የቀረውን ተጫዋቾቹ ራሳቸው ያመጡታል።

«ኮቦልድስ ኤት ማይ ቤቢ!» የተባለው የ1999 ጨዋታ ይህን በደንብ ገብቶታል። ተጫዋቾቹ ኮቦልድ የሚባሉ ትንንሽ፣ ደካማ፣ ሁልጊዜ የሚርባቸው ፍጡራን ናቸው፤ ንጉሣቸው ቶርግ ለድግሱ ሕፃን ሰርቀው እንዲያመጡ ወደ ሰው መንደር ይልካቸዋል። (ሲሰማ ይዘገንናል፤ ግን በዚያ ዓለም ዶሮ እንኳ ኮቦልድ የምትገድል አስፈሪ ጠላት ናት።) ዋናው ብልሃት ሌላ ነው፤ የንጉሡ ስም በተጠራ ቁጥር ሁሉም ተጫዋች ክብር ለንጉሡ ብሎ መጮኽ አለበት፤ የረሳ ይቀጣል። ዓይን አፋሩ አዲስ ሰው ምን ልበል ብሎ ሳይጨነቅ ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ከሌሎቹ ጋር እየጮኸ ነው። አንድም ቀልድ አልተነገረም።

የቴሪ ፕራቸት «ዲስክወርልድ» ደግሞ በሌላ በኩል ይመጣል። እንግሊዛዊው ደራሲ ከ1983 ጀምሮ 41 ልቦለዶች የጻፈበት ይህ ዓለም፣ በኤሊ ጀርባ ላይ የቆሙ አራት ዝሆኖች የተሸከሙት ዝርግ ምድር ነው። ፊል ማስተርስ ከፕራቸት ጋር በ1998 ወደ ጠረጴዛ ጨዋታ አምጥቶታል። ለጀብዱ ጸሐፊ ሀብቱ አንክ ሞርፖርክ የተባለችው ከተማ ናት፤ በዚያ ሌቦች ሕጋዊ ማኅበር አላቸው፤ ለሰረቁትም ደረሰኝ ይሰጣሉ። ከዚህ አንድ ነጥብ ብቻ ማስጀመሪያ ጀብዱ ይወጣል። እንበል፣ ተጫዋቾቹ በደንቡ መሠረት ተዘረፉ፤ ደረሰኙ ላይ ግን ስማቸው ተሳስቶ ተጻፈ። ትክክለኛ ደረሰኝ ስለሌላቸው ነገ ደግሞ ሊዘረፉ ነው። ስለዚህ ማኅበሩ ቢሮ ሄደው ማስተካከል አለባቸው፤ ጸሐፊው ምሳ ወጥቷል፤ ማኅተሙን ደግሞ ሌላ ሌባ ሰርቆታል፤ እሱም ያለ ደረሰኝ። ችግሩ ለተጫዋቾቹ የምር ነው፤ ጸሐፊውም ሥራውን አክባሪ ሰው ነው። ቢሮ ለቢሮ ተንከራትቶ የሚያውቅ ሁሉ ምን እንደሚል አይጠፋውም።

ሞትስ? ቀልድ ቢሆንም ሞት ያስፈልጋል፤ ግን ርካሽ መሆን አለበት። ቀልድ ብቻ ተብሎ ያልተጻፈው «ደንጀን ክሮል ክላሲክስ» እንኳ አዲስ ተጫዋችን የሚያስጀምረው አንድ ጀግና ሰጥቶ ሳይሆን በርካታ ተራ ገበሬና ባለእጅ ሰጥቶ ነው። የሕይወት ነጥባቸው በጣም ጥቂት ነው። ብዙዎቹ ያልቃሉ፤ የተረፈው ጀግና ይሆናል። አንድ ብቻ የያዘ ተጫዋች ሲሞትበት ያኮርፋል፤ ሦስት የያዘ ግን የመጀመሪያው ሲሞት ይስቃል፤ ሁለተኛውንም ወደዚያው ጉድጓድ ይልካል።

ከሞት ይልቅ ጨዋታውን የሚገድለው «አልተሳካም» የሚለው ቃል ነው። ዳይሱ እምቢ ሲልና ጨዋታ መሪው «በሩ አልተከፈተም» ሲል ጠረጴዛው ዝም ይላል። በደንብ የተጻፈ ማስጀመሪያ ጎን ላይ አንድ መስመር ያክልለታል፦ ካልተሳካ በሩ ይከፈታል፣ የቤቱ ባለቤት ግን ከኋላው በሌሊት ልብሷ ቆማለች፤ የውኃ ቧንቧ ሠራተኞቹ ስለዘገዩም ተቆጥታለች። አሁን ተጫዋቾቹ ቧንቧ ሠራተኛ መሆን አለባቸው።

እንዲህ ያለ መጽሐፍ እጁ የገባ ሰው መጀመሪያ ገጸ ባሕርያቱን ይይ። «ጎበዝ ተዋጊ» ብቻ የሚል ከሆነ ምንም አይጠቅምም፤ «ውርርድ እምቢ ማለት አይችልም» የሚል ከሆነ የምሽቱ ግማሽ ተጽፎ አልቋል። ከዚያ ካርታውን ይመልከት፤ አንድ መንደር ወይም አንድ ቢሮ ይበቃል። መግቢያው ላይ የሚገኘው የአምስት ገጽ የነገሥታት ታሪክ ቢዘለል ማንም አይጎዳም።