ወደ ባሕር ዳርቻ የወጡ ዓሣ ነባሪዎች፣ ዶልፊኖችና ሲሎች ሲያጋጥሙ ሊደረግ የሚገባው

በአሜሪካ የባሕር ጠረፍ በየዓመቱ በርካታ የባሕር አጥቢ እንስሳት በሕይወት እያሉ ወይም ሞተው ወደ ዳርቻ ይወጣሉ። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሲያትል፣ በሎስ አንጀለስና በሌሎች ከተሞች የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ለመዝናናት ወደ ባሕር ሲሄዱ ይህ ሁኔታ ሊያጋጥማቸው ይችላል። ብዙ ሰው በቅድሚያ የሚያስበው እንስሳውን ወደ ውኃው መመለስ ነው። ይህ ግን በበጎ አሳብ ቢደረግም አብዛኛውን ጊዜ እንስሳውን ይጎዳል። የሚጠበቀው እርዳታ ርቀትን ጠብቆ ወዲያውኑ ስልክ መደወል ነው።

ወደ ባሕር መግፋት የማይገባው ለምንድን ነው?

ዓሣ ነባሪና ዶልፊን በባሕር ውስጥ ሳሉ ክብደታቸውን ውኃው ይሸከምላቸዋል። በአሸዋ ላይ ሲሆኑ ግን የገዛ ክብደታቸው ሳንባቸውንና ጡንቻቸውን ይጫናል። ከቆዳቸው ሥር ያለው ወፍራም ስብ ሙቀትን ስለሚያግድ ሰውነታቸው ከመጠን በላይ ይሞቃል። የሚተነፍሱት በአናታቸው ላይ ባለ ቀዳዳ በመሆኑ፣ ያልሠለጠነ ሰው ሲገፋቸው ውኃ ወይም አሸዋ ሊገባባቸው ይችላል። በጅራት መጎተትም አከርካሪያቸውን ይጎዳል።

ከዚህም በላይ ብቻውን የወጣ እንስሳ ብዙውን ጊዜ የታመመ ወይም የተጎዳ ነው። ሳይመረመር ወደ ባሕር ከተመለሰ ሌላ ቦታ እንደገና ሊወጣ ወይም ሊሞት ይችላል፤ የመታከም ዕድሉም ያመልጠዋል።

በዳርቻ ላይ የሚታይ ሁሉ የተቸገረ ነውን?

አይደለም። ሲሎች ለማረፍና ሰውነታቸውን ለማሞቅ በራሳቸው ፈቃድ ከውኃ ይወጣሉ። እናት ሲልም ምግብ ፍለጋ ስትሄድ ግልገሏን በዳርቻ ትታ ትቆያለች። ሰዎች በአቅራቢያው ከተሰበሰቡ እናቲቱ ላትመለስ ትችላለች። በአንጻሩ ዓሣ ነባሪ ወይም ዶልፊን በየብስ ላይ ከታየ ሁልጊዜ አስቸኳይ ጉዳይ ነው።

ምላሽ የሚሰጠው ማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የባሕር አጥቢ እንስሳት ጥበቃ ሕግ ያለ ፈቃድ እነዚህን እንስሳት መንካትን፣ ማወክንና መመገብን ይከለክላል፤ ጥሰቱ በገንዘብና በእስራት ሊያስቀጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ ሕጉ ተሻሽሎ ብሔራዊ የጤናና የአደጋ ምላሽ ፕሮግራም ተቋቁሟል። በዚህም መሠረት ፈቃድ ያላቸው ድርጅቶች፣ የእንስሳት ሐኪሞችና የሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞች በየአካባቢው ይሰማራሉ።

ባለሙያዎቹ እንስሳውን ከመረመሩ በኋላ ከሚከተሉት አንዱን ይወስናሉ፦ ወደ ባሕር መመለስ፣ ወደ ጥልቅ ውኃ በተሽከርካሪ ማጓጓዝ፣ ወደ ሕክምና ማዕከል መውሰድ፣ ወይም የመዳን ተስፋ ከሌለው ያለ ሥቃይ እንዲሞት ማድረግ።

የተቀናጀ ሥራ ውጤት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 በማሳቹሴትስ ግዛት በዌልፍሊት ታይቷል። በዚያ አካባቢ ዳርቻው ለጥ ያለ በመሆኑ ውኃው ሲያፈገፍግ 146 ዶልፊኖች በጭቃ ላይ ቀሩ፤ በምላሽ ሰጪዎች ጥረት 102ቱ በሕይወት ተርፈዋል።

እንስሳ ያገኘ ሰው ሊወስዳቸው የሚገቡ እርምጃዎች

1. ቢያንስ 150 ጫማ (46 ሜትር ገደማ) ይራቁ፤ ልጆችንና ሌሎች ሰዎችንም ያርቁ።
2. ውሻ ካለ በማሰሪያ ይያዙ። የእንስሳቱ በሽታዎች ወደ ሰውና ወደ ውሻ ሊተላለፉ ይችላሉ።
3. ለክልሉ በተመደበው ስልክ ይደውሉ።
4. ትክክለኛውን ቦታ፣ የእንስሳውን መጠንና ቀለም፣ በሕይወት መኖሩንና የሚታይ ቁስል ካለ ይግለጹ።
5. ከርቀት ፎቶግራፍ ያንሡ።
6. ባለሙያዎች እስኪደርሱ ከርቀት ይጠብቁ፤ ሳይታዘዙ ውኃ አያፍስሱ፣ ምግብም አይስጡ።

የመደወያ ስልኮች

• ከሜይን እስከ ቨርጂኒያ፦ 866-755-6622
• ከሰሜን ካሮላይና እስከ ቴክሳስ፦ 877-942-5343
• ካሊፎርኒያ፣ ኦሪገንና ዋሽንግተን ግዛት፦ 866-767-6114
• አላስካ፦ 877-925-7773
• ሃዋይ፦ 888-256-9840
• በፍሎሪዳ ማናቲ ለተባለው እንስሳ፦ 888-404-3922

በጀልባ ላይ ያለ ሰው በሬዲዮ ቻናል 16 ለባሕር ጠረፍ ጥበቃ ማሳወቅ ይችላል።

የሞተ እንስሳም ሪፖርት ይደረግ

የሞተ እንስሳ ማግኘትም ሊነገር የሚገባው ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 ከኒው ዮርክ እስከ ፍሎሪዳ ከ1,600 በላይ ዶልፊኖች ሲሞቱ፣ ከበድኖቻቸው በተወሰደ ናሙና ምክንያቱ ከኩፍኝ ቫይረስ ጋር የሚዛመድ ሞርቢሊቫይረስ መሆኑ ተረጋግጧል። ይህን ማወቅ የተቻለው በየዳርቻው የተገኙት እንስሳት በጊዜ ሪፖርት በመደረጋቸው ነው።