ዕንቍላል መጣል ስላቃታት ዶሮ

ዶሮ በገጠር ቤት ትንሽ ሀብት ናት፤ ጥቅሟ ግን ትንሽ አይደለም። ጨውና በርበሬ፥ የተማሪውም ደብተርና እርሳስ ብዙ ጊዜ የሚገዛው ከዕንቍላሏ ዋጋ ነው። ስለዚህ ደኅና ስትጥል የነበረች ዶሮ ዕንቍላሉ በሆዷ ተይዞ መውጣት ባቃተው ጊዜ በቤቱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ቀላል አይሆንም። ይህ ሕመም ሳይታወቅ የቀረ እንደ ሆነ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ሊገድላት ይችላል። ምክንያቱን ያወቀና ትዕግሥት ያለው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ያድናታል።

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ ዕንቍላል እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይገባል። በዶሮ ሆድ ውስጥ በግራ በኩል የአስኳል ፍሬዎች ትልቁም ትንሹም እንደ ወይን ዘለላ ተያይዘው ይገኛሉ። ከነዚህ አንዱ በበሰለ ጊዜ ተለይቶ የዕንቍላል መንገድ ወደሚባለው ረዥም ቧንቧ ይገባል። በዚያም 3 ሰዓት ያህል እየተጓዘ ነጩን ይለብሳል፤ ቀጥሎም ከ1 ሰዓት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ስስ ሽፋኖች ይደረቡበታል፤ በመጨረሻም ቅርፊት በሚሠራበት ክፍል 20 ሰዓት ያህል ይቆያል። እንዲህ ሆኖ አንድ ዕንቍላል ተሠርቶ እስኪወጣ ድረስ ከ24 እስከ 26 ሰዓት ይፈጃል።

ቅርፊቱ ከመቶው እጅ ከ90 የሚበልጠው የኖራ ድንጋይ ከተሠራበት ነገር ጋራ አንድ ነው። በውስጡም ካልሲየም የሚባለው ማዕድን አለ፤ በአንድ ቅርፊት 2 ግራም ያህል ይገኛል። ዶሮዪቱ ይህን ከምግቧ በበቂ ያላገኘች እንደ ሆነ ከገዛ አጥንቷ እየወሰደች ትሠራዋለች። የካልሲየም ሥራ ግን ቅርፊት መሥራት ብቻ አይደለም፤ ዕንቍላሉን ገፍቶ የሚያወጣው ጡንቻም ያለ እርሱ ሊኮማተር አይችልም። ስለዚህ ካልሲየም ያነሳት ዶሮ ቅርፊቷ ይሳሳል፥ ጡንቻዋም ይደክማል፤ ዕንቍላሉ ከደጅ ደርሶ ሳለ የሚገፋው ኀይል ያጣል።

ሌሎችም ምክንያቶች አሉ። አንደኛ፥ ሰውነቷ ሳይጠነክር መጣል የጀመረች ቄብ መንገዷ ጠባብ ስለ ሆነ ትቸገራለች። ሁለተኛ፥ ዕንቍላሉ ከልክ በላይ የተለቀ ወይም ሁለት አስኳል የያዘ ሲሆን ይያዛል። ሦስተኛ፥ ሁልጊዜ ተዘግታ የምትውል፥ ፀሐይ የማታገኝና የወፈረች ዶሮ ጡንቻዋ ይሰንፋል። አራተኛ፥ ጸጥ ያለ መጣያ ያጣች ወይም ውሻና ልጅ የሚያስደነግጣት ዶሮ ዕንቍላሏን ይዛ ትቆያለች። ብዙ የምትጥለው የፈረንጅ ዶሮ ከአገር ዶሮ ይልቅ ለዚህ ችግር የተጋለጠች ናት፤ ብዙ ለመስጠት ብዙ መቀበል ያስፈልጋታልና።

የሕመሙ ምልክት እንደሚከተለው ነው። ዶሮዪቱ ወደ መጣያዋ እየገባች ታምጣለች፥ ሳትጥልም ትወጣለች። ጭራዋን ዝቅ አድርጋ፥ እግሯን አራርቃ ትቆማለች ወይም በዝግታ ትራመዳለች። መብል ትተዋለች፤ ኩሷም ይቀንሳል ወይም ይቀጥናል። ከሆዷ በታች በቀስታ ቢዳሰስ አንዳንድ ጊዜ ጠንካራው ዕንቍላል ይታወቃል። ይህች ዶሮ ልትታቀፍ ከፈለገችው ጋራ እንዳትምታታ መጠንቀቅ ያሻል። ልትታቀፍ የፈለገችው ዶሮ ላባዋን አጐፍራ፥ የቀረባትን ሁሉ በመንቍሯ ትወጋለች፤ ዕንቍላል የያዛት ግን ፈዝዛና ተኰራምታ ትታያለች።

ይህን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ የሰው ዓይን በላት ብሎ ሳይረዳት ይተዋታል፤ ወይ ሆዷን ጨምቆ ዕንቍላሉን በግድ ሊያወጣ ይሞክራል። ሁለተኛው ከፊተኛው የከፋ ነው። ዕንቍላሉ በውስጧ የተሰበረ እንደ ሆነ ስለታሙ ቅርፊት መንገዷን ይቈርጠዋል፤ የፈሰሰውም አስኳል ይበሰብስና ቍስሉን ይመርዘዋል። በግድ የተሳበ ዕንቍላልም ሆድ ዕቃዋን ይዞ ሊወጣ ይችላል። እንግዲህ የመጀመሪያው ትእዛዝ አለመጫንና አለመሳብ ነው።

ትክክለኛው ርዳታ እንዲህ ነው። ዶሮዪቱን ከሌሎቹ ለይቶ፥ ክርን ቢነከርበት የማያቃጥል ለብ ያለ ውኃ በሰፊ ዕቃ ማዘጋጀት። ውኃው እስከ ሆዷ ብቻ እንዲደርስ አድርጎ፥ በሁለት እጅ በቀስታ ደግፎ፥ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በዚያ ማቈየት። ሙቀቱ የተኰማተረውን ሥጋ ያላላዋል። ከዚህ በኋላ በጨርቅ ፈጽሞ አድርቆ፥ ዕንቍላሉ የሚወጣበትን ቀዳዳ በንጹሕ ጣት ጥቂት የኑግ ዘይት ወይም ሌላ የምግብ ዘይት መቀባት። ቀጥሎም ደረቅ ገለባ በተነጠፈበት ቅርጫት አድርጎ፥ ጢስ በሌለበት፥ በሚሞቅና ጨለም ባለ ስፍራ ማኖር። የምትጠጣው ውኃ አይጓደልባት፤ መብላት ከቻለችም የደቀቀ ቅርፊት ይቅረብላት። ከዚያ ወዲያ በየጊዜው እየከፈቱ ማየትና ማንሣት ሥራዋን ያቋርጥባታልና መተው ይሻላል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ያልጣለች እንደ ሆነ የውኃው መታጠቢያ ይደገምላት። እስከ ማግሥቱ ካልወጣ ግን፥ ወይም ሥጋ ወደ ውጭ ወጥቶ ከታየ፥ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ይገባል። ሐኪሙ ካልሲየም በመርፌ ይሰጣታል፤ አስፈላጊም ሲሆን ዕንቍላሉን በጥበብ ያወጣዋል። የረዳት ሰው ሥራውን ሲጨርስ እጁን በሳሙና ይታጠብ።

ከማከም ይልቅ መጠበቅ ይቀላል። የተበላ ዕንቍላል ቅርፊት አይጣል፤ በምጣድ ላይ ተቈልቶና ደቅቆ በገል ይቀመጥላት። መቈላቱ ከተሐዋስያን ያነጻዋል፥ መድቀቁም ዶሮዪቱ የገዛ ዕንቍላሏን ሰብራ መብላት እንዳትለምድ ይረዳል። ቀን ቀን በፀሐይ ትዋል፥ ትጫር፤ ለመጣያዋም ከሰው መተላለፊያ የራቀ ጨለም ያለ ጥግ ይሰጣት።

መምህሩ የካልሲየምን ነገር በዓይን ለማሳየት ቢፈልግ አንድ ጥሬ ዕንቍላል በኮምጣጤ ውስጥ ነክሮ ለሁለት ቀን ያስቀምጠው። ኮምጣጤው ቅርፊቱን ሲፈታው ትንንሽ አረፋ ይወጣል፤ በመጨረሻም በስስ ሽፋን ብቻ የተያዘ ለስላሳ ዕንቍላል ይቀራል። ተማሪዎቹ በእጃቸው ሲዳስሱት ካልሲየም የጐደላት ዶሮ ስለምን እንደምትቸገር ያለ ብዙ ቃል ይገባቸዋል።

ይህ ችግር የዶሮ ብቻ አይደለም። በሌሎች አገሮች እባብ በቤታቸው የሚያረቡ ሰዎች አሉ፤ እባቢቱም በጠባብ ሣጥን ውላ ጡንቻዋ ሲደክም ወይም ርጥበት ያለው ጨለማ መጣያ ስታጣ ዕንቍላሏ በሆዷ ይያዛል። የእርሷም ርዳታ ሙቀት፥ ጸጥታና የተስማማ ስፍራ ነው፤ ሆዷን የሚጫን እጅ እርሷንም ይገድላታል። አባቶች ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል ብለዋል። ዕንቍላል ለያዛት ፍጥረትም ከችኵል እጅ ይልቅ ለብ ያለ ውኃና ትዕግሥት ይጠቅማታል።