ባለ እጅና «ቡዳ»

በአገራችን በብዙ ስፍራ ብረት ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ «ቡዳ» እየተባሉ ሲፈሩ ኖረዋል። ቡዳ ሌሊት ጅብ ይሆናል፤ በዓይኑም ሰው ይበላል ይባላል። ሕፃን በታመመ ጊዜ የሚጠረጠረው ባለ እጁ ጎረቤት ነበር። ለመሆኑ ይህ ስም ይገባዋልን?

ገበሬው የሚያርስበትን ማረሻ የሠራው ያው የሚፈራው ቀጥቃጭ ነው። እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ፥ ውሃ የሚቀዳበት እንስራም የሸክላ ሠሪዋ ሥራዎች ናቸው። በጎንደር አካባቢ ቤተ እስራኤላውያን ርስት ስለ ተከለከሉ በእነዚህ ሙያዎች ይተዳደሩ ነበር፤ ክፉው ስምም አብሮ ተለጠፈባቸው።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከለከሉ። እንግዲህ ስሙን ያወጣው ወሬ እንጂ የባለ እጁ ጥፋት አይደለም። ማረሻውን ተቀብሎ ሠሪውን መሸሽ ፍርደ ገምድልነት ነው።