ሦስቱ ቀዳዳዎች የት ይበሱ?

ለቁም ነገር ተጫዋች የምትሸጥ የቦውሊንግ ኳስ ከሳጥኗ ስትወጣ ድፍን ናት። ገዢው ወደ ባለሙያ ይወስዳትና ለአውራ ጣት አንድ፣ ለመሐል ጣትና ለቀለበት ጣት ሁለት ቀዳዳ ይበሳላታል። ብዙ ሰው ሥራው ለእጅ እንድትመች ማድረግ ብቻ ይመስለዋል። የቀዳዳዎቹ ቦታ ግን ኳሷ ስትንከባለል መቼ እንደምትታጠፍና አስተጣጠፏ ሹል ወይስ ለስላሳ እንደሚሆን ጭምር ይወስናል።

መታጠፍ ለምን ያስፈልጋል? መጫወቻው ከመወርወሪያው መስመር እስከ ፊተኛው ፒን 18.3 ሜትር ይረዝማል፤ ወርዱ ግን አንድ ሜትር ከአምስት ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። በቀጥታ የተወረወረች ኳስ ፒኖቹ ዘንድ ስትደርስ 2 ዲግሪ የሚሆን ማዕዘን እንኳ በወጉ አይኖራትም። አሥሩንም በአንድ ውርወራ ለመጣል የተሻለው መግቢያ 6 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህ የሚገኘው መጨረሻ ላይ ወደ ውስጥ በምትታጠፍ ኳስ ብቻ ነው።

ምስጢሩ ያለው በኳሷ ሆድ ውስጥ ነው። ዘመናዊ ኳስ ከሽፋኗ ሥር ክብደት የተጠቀጠቀበት እምብርት አላት፤ የአንዳንዷ እምብርት የአምፖል ቅርጽ አለው፣ የሌላዋ ደግሞ ሆን ተብሎ አንድ ጎኑ እንዲያመዝን ይሠራል። ከውጭ ስለማይታይ፣ ፋብሪካው የእምብርቱ ጫፍ ያለበትን አቅጣጫ በሽፋኑ ላይ በባለቀለም ነጥብ ያመለክታል። ባለሙያው ልኬቱን የሚጀምረው ከዚህች ነጥብ ነው።

ሁለተኛዋ ነጥብ የተጫዋቹ ናት። እያንዳንዱ ሰው ኳስ ሲለቅ በራሱ መንገድ ያሽከረክራታል፤ ኳሷ የምትዞርበት ዛቢያም በገጿ ላይ በአንድ ቦታ ብቅ ይላል። ይህን ቦታ ለማግኘት ባለሙያው ደንበኛውን ቀድሞ በተበሳች ሌላ ኳስ ያስወረውርና ኳሷ ስትመለስ ከመጥረጉ በፊት አገላብጦ ያያታል። ከመጫወቻው የቀሰመችው ዘይት ቀለበት ቀለበት ሆኖ ይታተምባታል። የመጀመሪያውን ቀለበት ፈልጎ ከሁሉም የቀለበቱ ክፍል እኩል የምትርቀውን ነጥብ በሰም እርሳስ ምልክት ያደርግባታል። ከዚያ ከመያዣው መሐል ወደ ጎን ስንት ኢንች፣ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ስንት ኢንች እንደሆነ ለክቶ ይመዘግባል። ለእኔ የሙያው ክብር ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ኳሷ ከመበሳቷ በፊት የሚለካው ሰውየው ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የሁለቱ ነጥቦች ርቀት ነው። እንዝርት ስታሾር ቀለበቷ መሐል ላይ ካልተቀመጠ እንደምትወዛወዝ ሁሉ፣ እምብርቱ ከዛቢያው ጋር ያልገጠመ ኳስም ስትሽከረከር ዛቢያዋ ቦታውን እየለቀቀ ይሄዳል። ነጥቦቹ ከተገናኙ ወይም በ6 ኢንች ከ3/4 ማለትም በኳሷ ዙሪያ ሩብ ከተራራቁ እምብርቱ ተረጋግቶ ይዞራል፤ ዛቢያውም እምብዛም አይነቃነቅም። መካከል ላይ፣ በ3 ኢንች ከ3/8 ሲሆን፣ መዋለሉ ከሁሉ ይበልጣል።

መዋለሉ የሚጠቅመው በዘይቱ ምክንያት ነው። ከመጫወቻው የመጀመሪያው 12 ሜትር ያህል በዘይት ይቀባል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ደረቅ ነው። ኳሷ በአንድ ቀለበት ላይ ብቻ ብትዞር ያው ዘይት የጠገበ ገጽ ደረቁ ላይ ይደርስና ይንሸራተታል። ዛቢያዋ ሲዋልል ግን በየዙሩ ዘይት ያልነካው ሽፋን ወለሉን ያገኘዋል፤ ያን ጊዜ ወለሉን ቆንጥጣ ትታጠፋለች።

ሁለቱን ነጥቦች የሚያገናኘው መስመር ከቀዳዳዎቹ አንጻር የሚይዘው ማዕዘንም የራሱ ድርሻ አለው። ባለቀለሙ ነጥብ ከጣት ቀዳዳዎቹ በላይ እንዲውል ከተደረገ ኳሷ ብዙውን ጊዜ ርቃ ሄዳ በሹል ትታጠፋለች፤ ከበታች ከዋለ ቀደም ብላ በለስላሳ ኩርባ ትገባለች። ይህን ሁሉ በሁለት ማዕዘንና በአንድ ርቀት የመጻፍ ዘዴ የቀየሰው አሜሪካዊው ኳስ ነዳፊ ሞ ፒኔል ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. በኮቪድ እስኪሞት ድረስ ዕድሜውን ለእምብርት ቅርጽ ሰጥቶ የኖረ ሰው ነበር፤ የዛሬ ባለሙያዎች ደንበኛቸው ፊት የሚጽፏቸው ሦስት ቁጥሮች የእሱ ውርስ ናቸው።

ቀድሞ ሌላም መላ ነበር። ጣት የማይገባበት አራተኛ ቀዳዳ ተበስቶ የኳሷ ሚዛን ይስተካከል ነበር። የዩናይትድ ስቴትስ ቦውሊንግ ኮንግረስ ከነሐሴ 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከለከለው። ስለዚህ ዛሬ የመጀመሪያው ብስ ትክክል መሆን አለበት።

ይሁንና የቀዳዳ አቀማመጥ ተአምር አይሠራም። ከኳሷ ባሕርይ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ሽፋኑ ነው፦ ከምን እንደተሠራና ምን ያህል ሻካራ እንደሆነ። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ የመጣው ሪአክቲቭ ሬዚን ደረቅ ወለል ላይ አጥብቆ ይይዛል፤ የቀድሞው ፖሊስተር ግን ይንሸራተታል። በመጫወቻ ቤቶች የሚከራዩት ኳሶች በአብዛኛው ፖሊስተር ናቸው፤ ሆዳቸውም ኃይለኛ እምብርት የለውም፤ እነሱን የትም ቢበሷቸው ለውጡ ኢምንት ነው። ደንበኛ በውድ ገዝቶ ያመጣት ኳስ አልታጠፍ ስትለው፣ መሰርሰሪያውን ከማስነሳት በፊት ሽፋኗን በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ወጪውም በጣም ያነሰ ነው።

አቀማመጡ መበላሸቱን ግን ጆሮም ይነግራል። የዘይት ቀለበቶቹ በአንዱ ቀዳዳ ላይ የሚያልፉ ከሆነ ኳሷ በሄደች ቁጥር ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ታሰማለች፤ ቀዳዳው ወለሉን በነካ ቁጥርም ቁንጥጫዋ ይቋረጣል። ያን ጊዜ ቀዳዳዎቹ በፈሳሽ ሬዚን ይሞላሉ፤ ሲደርቅ ከገጿ ጋር ይስተካከልና ሰውየው እንደገና ተለክቶ በአዲስ ቦታ ይበሳል።