ላፕቶፕ ስንገዛ ቅጥነቱን ወይስ ጉልበቱን?



በዚህ ሰሞን በመኝታ ክፍልም ሆነ በሻይ ክበብ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ «የትኛውን ላፕቶፕ ልግዛ?» የሚል። የመጨረሻ ዓመት ሠልጣኞች ዕቁባቸው የሚወጣበትን ሳምንት እየቆጠሩ ነው። መምህራንም ቢሆኑ ያረጀውን ኮምፒዩተራቸውን ለመለወጥ ያስባሉ። ለግድግዳ ጋዜጣችን ከደረሱት ጥያቄዎች መካከል «ቀጭን ይሻላል ወይስ ወፍራም?» የሚለውን ደጋግመን ስላገኘነው ዛሬ እሱኑ ለመመልከት ተነስተናል።

ነገሩ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ለአንድ አዲስ መምህር ላፕቶፕ ማለት የብዙ ወር ቁጠባ ማለት ነው። አንዴ ከሱቅ ከወጣ በኋላ «አልተመቸኝም» ብሎ መመለስ የለም። በዚያ ላይ ወደ ተመደብንበት ወረዳ ይዘነው ስንሄድ በአቅራቢያው ጠጋኝ ላይኖር፣ መብራትም ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ አስቦ መግዛት ይገባል።

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ጊዜ የደረሰብንን እንንገራችሁ። ከዝግጅት ክፍላችን አባላት አንዱ ወረቀት የምታህል ቀጭን ላፕቶፕ ይዞ ክፍል ገባ። ሌሊቱን ሙሉ ሥዕላዊ መግለጫ ሲያዘጋጅ ነው ያደረው። የትምህርት ቤቱ ፕሮጀክተር ግን የድሮው ባለ ቪጂኤ ገመድ ነበር፤ ላፕቶፑ ደግሞ ያለው ሁለት ትናንሽ የዩኤስቢ ሲ ቀዳዳ ብቻ ነው። ምን ይደረግ? ጠመኔውን አንስቶ ሰሌዳው ላይ ሳለው። ትምህርቱ አልቀረም፤ የሌሊቱ ድካም ግን ከንቱ ቀረ።

በዚያው ምሽት በልምምድ ወቅት የቀረጽነውን ቪዲዮ በሁለት ላፕቶፕ ለመቆራረጥና ለማያያዝ ተቀመጥን። ቀጭኑ መጀመሪያ ላይ እንደ ንፋስ ነጎደ። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ግን ጭን የሚለበልብ ሆነና እየተንቀረፈፈ ሄደ። ያንዱ ጓደኛችን ያገለገለ ወፍራም ላፕቶፕ ግን ማራገቢያው እንደ ወፍጮ እየጮኸ ሥራውን ቀድሞ ጨረሰ። የሚገርመው፣ በሁለቱም ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ «ኮር አይ 5፣ 8ኛ ትውልድ» የሚል ነበር። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ጉልበት ማለት ሙቀት ነው

ፕሮሰሰር የላፕቶፑ አንጎል ነው። ሥራ በበዛበት መጠን ብዙ ኤሌክትሪክ ይወስዳል፤ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ሙቀት ይለወጣል። 15 ዋት የሚወስድ ፕሮሰሰር 15 ዋት ሙቀት ያወጣል፤ 45 ዋት የሚወስደው 45 ዋት ያወጣል። ይህ ሙቀት ከሣጥኑ ውስጥ መውጣት አለበት። የሚወጣውም በመዳብ ቱቦ ተመርቶ ወደ ብረት ክንፎች ሲደርስና ማራገቢያው አየር ሲያሳልፍበት ነው። ለቱቦው፣ ለክንፎቹ፣ ለማራገቢያውና ለአየሩ መተላለፊያ ቦታ ያስፈልጋል። ውፍረት የምንለው እንግዲህ በከፊል ይኸው ቦታ ነው።

ሙቀቱ መውጫ ሲያጣስ? ጭስ ማውጫ በሌለው ማድ ቤት ውስጥ እሳቱን እንደምንቀንሰው ሁሉ ፕሮሰሰሩም ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ብዙዎቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ሙቀታቸው ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ እንዲህ ያደርጋሉ። ተበላሸ ማለት አይደለም፤ ከመቃጠል መዳኛው ነው። ለዚህ ነው ቀጭን ላፕቶፕ የ100 ሜትር ሯጭ የሚሆነው፤ ሲነሳ ይፈጥናል። ከባድና ረጅም ሥራ ግን የ10,000 ሜትር ሩጫ ስለሆነ እዚያ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል።

ስም አያታልለን

ወደ ሁለቱ ላፕቶፖች እንመለስ። የቀጭኑ ፕሮሰሰር ሙሉ ስሙ ኮር አይ5-8250ዩ ሲሆን የወፍራሙ ኮር አይ5-8300ኤች ነበር። ሁለቱም 4 ኮር አላቸው። ይሁንና በስማቸው መጨረሻ ያለችው ፊደል ሁሉን ነገር ትለያለች። «ዩ» የሚለው 15 ዋት እንዲወስድ የተሠራ ነው፤ ለአጭር ጊዜ ከዚያ በላይ ቢወስድም ወዲያው ወደ ልኩ ይመለሳል። «ኤች» የሚለው ግን ለ45 ዋት የተሠራ ነው። ሻጩ «አይ 5 ነው» ሲለን ገና ግማሹን ነው የነገረን ማለት ነው።

«አይ 7 ከሆነማ ምን ጥያቄ አለው» የሚሉም አሉ። አይደለም እኮ! ኮር አይ7-7500ዩ የተባለው ያለው 2 ኮር ብቻ ነው። ከላይ የጠቀስነው አይ5-8250ዩ 4 ኮር ስላለው ቁጥሩ አነስ ቢልም ለብዙ ሥራ ይበልጠዋል። ስለዚህ ሙሉ ስሙን ከነትውልዱና ከነፊደሉ ጠይቀን ደብተራችን ላይ እንጻፈው።

በመለኪያ የማይታይ ውፍረት

ቅጥነት ሁሉ ድክመት ነው እያልን አይደለም። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የአፕል ኩባንያ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2008 ስቲቭ ጆብስ የመጀመሪያውን ማክቡክ ኤር ከደብዳቤ ፖስታ ውስጥ መዝዞ ሲያሳይ ዓለም ተደነቀ። ውፍረቱ በትልቁ ቦታ 1.94 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 1.36 ኪሎ ነበር። ለዚህ ቅጥነት የተከፈለው ግን ቀላል አልነበረም፤ የዩኤስቢ ቀዳዳው አንድ ብቻ፣ ራሙ የማይለወጥ፣ ሲዲ ማጫወቻም የሌለው ነበር። በ2015 የወጣው ባለ 12 ኢንች ማክቡክ ደግሞ 13.1 ሚሊ ሜትር ሆነና ማራገቢያውም ቀረ።

በኅዳር 2020 ግን ነገሩ ተለወጠ። ኩባንያው ኤም 1 የተባለውን ጥቂት ኤሌክትሪክ የሚበላ የራሱን ፕሮሰሰር በሁለት ላፕቶፖች ውስጥ አስገባ። ማክቡክ ኤር ማራገቢያ አልነበረውም፤ ማክቡክ ፕሮ ነበረው። በአጭር ሥራ ሁለቱን መለየት ያስቸግራል። ሥራው ሲረዝም ግን ማራገቢያ የሌለው ቀስ እያለ ፍጥነቱን ሲቀንስ ያኛው በያዘው ይቀጥላል። ልብ በሉ! በትልቁ ቦታ ሲለካ ኤሩ 1.61፣ ፕሮው 1.56 ሳንቲ ሜትር ነው። ማራገቢያ ያለው፣ ጽናት ያለው፣ በማስመሪያ ሲለካ ያነሰው ነው!

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ፕሮሰሰሩ ትንሽ ዋት የሚበላ ከሆነ ቀጭን ላፕቶፕም ብርቱ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ወሳኙ ማስመሪያው የሚነግረን ቁጥር ሳይሆን ሙቀቱና መውጫው መመጣጠናቸው ነው። ትንሽ እሳት ለትንሽ ማድ ቤት አይከብድም። 45 ዋት በቀጭን ሣጥን ውስጥ አፍኖ «ሁለቱንም አለው» ብሎ መሸጥ ግን፣ «ሁለት ወዶ አይሆንም» እንደሚባለው ነው።

ውፍረቱ ሌላም ነገር ይይዛል

ባትሪ። የባትሪ መጠን በዋት-ሰዓት ይለካል። ሒሳቡ ለማንም አይከብድም፤ 50 ዋት-ሰዓት ያለው ላፕቶፕ ለጽሑፍ ሥራ 10 ዋት የሚወስድ ከሆነ 5 ሰዓት ይቆያል፤ 25 ዋት የሚወስድ ከሆነ 2 ሰዓት ብቻ። እንግዲህ ትልቅ ሣጥን ትልቅ ባትሪ ሊይዝ ይችላል፤ ሆኖም ወፍራም ሁሉ ባትሪው ይቆያል ማለት አይደለም። ለጨዋታ የተሠሩ ወፍራም ላፕቶፖች ባትሪያቸውን ቶሎ ይጨርሱታል።

ቀዳዳዎች። የኔትወርክ ገመድና የቪጂኤ መሰኪያዎች ቁመታቸው ራሱ ከአንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ጎን ይበልጣል። ስለዚህ ላፕቶፑ ሲቀጥን መጀመሪያ የሚሰናበቱት እነሱ ናቸው። በመቀየሪያ ገመድ መተካት ይቻላል፤ ይሁንና ገመዱ ሌላ ወጪ ነው፤ ክፍል በገባን ቀን ደግሞ ቤት ይረሳል።

ጥገና። ራም በመሰኪያ ሲገባ ቦታ ይይዛል። በመሆኑም በብዙ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ በቀጥታ ተበይዶ ይመጣል። ዛሬ 8 ጊጋባይት ብለን የገዛነውን ከሦስት ዓመት በኋላ 16 ማድረግ አንችልም።

ኪቦርድ። አፕል ላፕቶፖቹን ለማቅጠን ሲል እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የተጠቀመበት ስስ ኪቦርድ አቧራ ሲገባበት ፊደል እየደገመና እየዘለለ ስላስቸገረ፣ በሰኔ 2018 ኩባንያው ራሱ በነፃ የመጠገን ፕሮግራም አወጣ። በኅዳር 2019 ባወጣው ባለ 16 ኢንች ማክቡክ ፕሮ ላይ ደግሞ ወደ ቀድሞው ዓይነት አሠራር ተመለሰ። ያ ላፕቶፕ ከበፊቱ ባለ 15 ኢንች በ0.7 ሚሊ ሜትር ወፈረ፣ ጎኑም ሰፋ፣ ክብደቱም ከ1.83 ወደ 2 ኪሎ አደገ። በምትኩ ባትሪው ከ83.6 ወደ 100 ዋት-ሰዓት ከፍ አለ፤ የማቀዝቀዝ አቅሙም ጨመረ። የቅጥነት አርበኛ የነበረው ኩባንያ ራሱ ጥቂት ሚሊ ሜትር መልሶ ገዛ ማለት ነው።

የቀጭኑንም እንናገርለት

ሚዛናችን እንዳያዳላ ለቀጭኑም እንመስክር። በየቀኑ ከመኪና መንገድ እስከ ትምህርት ቤቱ ድረስ በእግሩ ለሚሄድ መምህር 1.3 ኪሎና 2.5 ኪሎ አንድ አይደሉም። በወፍራሙ ላይ ደግሞ ከባዱ ቻርጀር ይጨመራል። ማራገቢያ የሌለው ላፕቶፕ ድምፅ አያሰማም፤ አቧራም በማራገቢያ ስቦ አያስገባም። አቧራማ አካባቢ ለሚመደብ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ባለ ማራገቢያውን የገዛ ሰው በየጊዜው ማጸዳት አለበት፤ አለዚያ ክንፎቹ በአቧራ ይደፈኑና ወፍራሙም እንደ ቀጭኑ ይታፈናል።

ታዲያ ለእኛ የሚበጀው የቱ ነው?

መልሱ ያለው በሥራችን ላይ ነው። አብዛኞቻችን የምንሠራው የትምህርት ዕቅድ መጻፍ፣ ማርክ መደመር፣ ፈተና ማዘጋጀት፣ ሥዕልና አጭር ቪዲዮ ማሳየት ነው። ለዚህ 45 ዋት አያስፈልግም። ለጨዋታ ለተሠራ ወፍራም ላፕቶፕ ገንዘብ ማፍሰስ ለመልክ ሲሉ ቀጭኑን ከመግዛት የማይተናነስ ብክነት ነው። ቪዲዮ የሚያቀናብር፣ ከባድ የሥዕል ሥራ የሚሠራ ወይም ፕሮግራም የሚያስተምር ግን «ኤች» የሚለውን ከነውፍረቱ ቢወስድ ትክክል ነው።

ለቀረነው መካከለኛው ይበቃል። ይኸውም «ዩ» ፕሮሰሰር፣ 8 ጊጋባይት ራምና የሚጨመርበት ባዶ መሰኪያ፣ ኤስኤስዲ ዲስክ፣ የኤችዲኤምአይና የተለመደው የዩኤስቢ ቀዳዳ፣ እንዲሁም የሚፈታ ባትሪ ያለው፣ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ባለ 14 ኢንች ላፕቶፕ ማለታችን ነው። ለቢሮ ሥራ ተሠርተው ያገለገሉት ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያሉ ናቸው። በተለይ ዲስኩን አደራ! የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያለው ላፕቶፕ ቢወፍርም ቢቀጥንም ሲከፈት ያንቀላፋል።

ያገለገለ የምትገዙ ትውልዱን አትርሱ። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው ነፃ የደኅንነት ማሻሻያ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ኮር ፕሮሰሰሮች በይፋ የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ነው። «ወፍራምና ጠንካራ ነው» ተብሎ የሚቀርብልን የ6ኛ ወይም የ7ኛ ትውልድ ላፕቶፕ እዚህ ላይ ይወድቃል።

ሱቅ ስንገባ

1ኛ፤ ብቻችንን አንሂድ። ነገሩን የሚያውቅ አንድ ጓደኛ ይኑር።

2ኛ፤ የራሳችንን ሥራ በፍላሽ ይዘን እንሂድ። ከባዱን ፋይል ከፍተን ቢያንስ 20 ደቂቃ እናሠራው። ሻጩ ቢያጉረመርምም ታግሦ ይጠብቀን። በዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ውስጥ የፕሮሰሰሩ ፍጥነት በጊጋኸርዝ ይታያል። በመጀመሪያው ደቂቃና በሃያኛው ደቂቃ ያለውን ጽፈን እናወዳድር።

3ኛ፤ ሥሩንና የኪቦርዱን መካከል በእጃችን እንዳስስ፤ ማራገቢያውንም እናዳምጥ።

4ኛ፤ ቻርጀሩን ነቅለን በባትሪ ብቻ እንሞክር። ያገለገለ ከሆነ ባትሪው ሲሠራ የነበረውንና አሁን የሚይዘውን ዋት-ሰዓት የሚያሳይ ሪፖርት ዊንዶውስ ራሱ ስለሚያወጣ ያንን እንጠይቅ። 50 የነበረው ወደ 25 ከወረደ የባትሪ መግዣ ከዋጋው ይቀነስልን።

5ኛ፤ ቀዳዳዎቹን በጣታችን እንቁጠር፤ የምንጠቀምበት ፕሮጀክተር የሚፈልገው አለ ወይ?

6ኛ፤ «ራሙና ባትሪው ይፈታል?» ብለን እንጠይቅ።

በመጨረሻም ሱቅ ውስጥ ላፕቶፑን የምናየው ለአምስት ደቂቃ ነው። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ደግሞ ቀጭን ሁልጊዜ ያምራል፤ ፈጣንም ነው። እኛ ግን የምንኖረው ከሃያኛው ደቂቃና ከሦስተኛው ዓመት ጋር ነው። ያ ጓደኛችን ቀጭኑን አልሸጠውም፤ የመቀየሪያ ገመድ ገዝቶለት ይጽፍበታል፣ ይዞትም ይዞራል። ቪዲዮ ማቀናበር ሲኖርብን ግን አሁንም የምንሄደው ወደ ወፍራሙ ነው።

በዚህ ላይ የራሳችሁን ልምድ ጽፋችሁ ብትልኩልን ከዚሁ ሥር እንለጥፈዋለን።