ከኋላ ወንበር የሚመጣውን ድምፅ ስሙ

በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን ይዘው ወደ አምልኮ የሚሄዱት በሚኒቫን ነው። መሪ የያዘው ባል «ኤሲው ይሠራል» ሲል፣ ከልጆቹ ጋር ከኋላ የተቀመጠችው ሚስት «እዚህ ግን እሳት ነው» ትላለች። ክርክሩ እስከ ቤተ ክርስቲያን በር ድረስ ይዘልቃል። የሚገርመው ብዙ ጊዜ ሁለቱም እውነታቸውን መሆኑ ነው። እንደ ቶዮታ ሲዬናና ሆንዳ ኦዲሲ ያሉት መኪኖች ለኋላ ተሳፋሪዎች የተለየ ማቀዝቀዣና ማራገቢያ አላቸው። ስለዚህ የሚስት ቃል ማጉረምረም ሳይሆን ለመካኒኩ የሚጠቅም መረጃ ነው።

ኤሲው አልቀዘቅዝ ሲል

የፊቱ ቀዝቅዞ የኋላው ብቻ ከሞቀ በመጀመሪያ የኋላው ማብሪያ መከፈቱን፣ ቀጥሎ ፊውዙን እዩ። አየሩ ደካማ ከሆነ ካቢን ፊልተር የሚባለው የአየር ማጣሪያ በአቧራ ተደፍኖ ይሆናል። ማራገቢያው በከፍተኛው ፍጥነት ብቻ የሚሠራ ከሆነ ሬዚስተሩን አስፈትሹ።

አየሩ በኃይል እየወጣ የማይቀዘቅዝ ከሆነ ጋዙ አንሶ ሊሆን ይችላል። የኤሲ ጋዝ ግን እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም፤ ካነሰ የሚያፈስበት ቦታ አለ። ያ ቦታ ሳይገኝ በየዓመቱ ጋዝ ማስሞላት ገንዘብን መበተን ነው። በበረዶ ወራት መንገድ ላይ ጨው በሚነሰነስበት አካባቢ ወደ ኋላ የሚሄዱት ረጃጅም ቱቦዎች ስለሚዝጉ፣ መካኒኩ እነርሱንም እንዲያይ ንገሩት። አር-134ኤ እና አር-1234ዋይኤፍ የተባሉት ጋዞችም አይቀላቀሉም።

ማሞቂያው ሲቀዘቅዝ

ማሞቂያው ሙቀት የሚያገኘው ሞተሩን ከሚያቀዘቅዘው ኩላንት ነው። ሞተሩ ሞቆ ሳለ ቀዝቃዛ አየር ከወጣ ኩላንቱ አንሶ ሊሆን ይችላል። ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ችላ ከተባለ ሞተሩ ግሎ ቴስታታው ሊጣመም ይችላል። የሙቀት መለኪያው ከፍ አልል ካለ ቴርሞስታቱን ጠርጥሩ። ጣፋጭ ሽታ ከመጣና መስታወቱ ቅባት በመሰለ ጉም ከተሸፈነ፣ በዳሽቦርዱ ውስጥ ያለው የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ሳያፈስ አይቀርም። ሞተሩ ግሎ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን በፍጹም አትክፈቱ።

የጭስ ሽታ ከገባ መስኮቶቹን ክፈቱ፤ መኪናውን አቁማችሁ ልጆቹን አውርዱ። ከጭሱ ጋር የሚገባው ካርቦን ሞኖክሳይድ ራሱ አይሸትም፤ ነገር ግን ይገድላል።

ልጆችን በተመለከተ

የሕፃናት ሰውነት ከአዋቂ ሰው ፈጥኖ ይግላል፤ «ሞቀኝ» ብለው መናገር የማይችሉም አሉ። ስለዚህ በጉዞ ላይ ደጋግማችሁ ዞር ብላችሁ እዩአቸው። ኤሲው ቢሠራም እንኳ ልጅን በቆመ መኪና ውስጥ ብቻውን አትተዉ።

መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 27 ላይ ሰው የመንጋውን ሁኔታ እንዲከታተል ይመክራል። መሪ የያዘ አባትም የኋላውን ሁኔታ ማወቅ ይገባዋል። ጋራዥ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ቀን ቦታ ተለዋወጡ፤ ሚስት ትንዳ፣ ባል ከልጆቹ ጋር ከኋላ ይቀመጥ። ምናልባት ከመኪናው ሌላ በቤታችሁም የሚስተካከል ነገር ታገኙ ይሆናል።

ጌታ መውጣታችሁንና መግባታችሁን ይባርክ።